ሥላሴ ያልነበረችው ጢንዚዛ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የነፍሳት ተመራማሪ ናት፤ ስሜን ከአንድ አሮጌ የነፍሳት ማከማቻ ሣጥን ውስጥ አግኝታ፣ ስንት ሰው ጠይቃ ነው ስልኬ ላይ የደረሰችው። ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ከመፍረስ በተረፈ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘን። ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ ከስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። ከካርቶን ጫፍ ላይ የተጣበቀች፣ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ክብ ቡናማ ጢንዚዛ፤ ከሥሯ የወጣትነቴ እጅ ጽሑፍ። ቦታ፦ ሥላሴ ግቢ። ሰብሳቢ፦ ጽጌ።

«እትዬ ጽጌ፣ እስካሁን ከዚህች ሌላ የተያዘች አላገኘሁም» አለችኝ። «መስከረም ሲጠባ ሥላሴ ሄጄ ልፈልግ ነው። የትኛው ዛፍ ላይ እንደነበረች ያስታውሳሉ?»

ማስታወስማ አስታውሳለሁ። ያቃተኝ መርሳት ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነበርኩ። የነፍሳት አስተማሪያችን መምህር ታፈሰ እያንዳንዳችን አንዳንድ ጢንዚዛ ይዘን እንድንመጣ አዘዙን። እኛ የምንኖረው እዚሁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ከሰፈሩ ቧንቧ ጎን፣ ጎረቤታችን እትዬ ቦጋለች ጓሮ፣ ነጭ ተባይ የወረረው አንድ የሎሚ ዛፍ ነበር። ጢንዚዛዋን ያንን ተባይ ስትበላ አገኘኋትና በክብሪት ቀፎ ይዣት ሄድኩ።

መምህር ታፈሰ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ስሟን እኔ እፈልገዋለሁ። ቦታዋን ካልነገራችሁኝ ግን ሞታ ብቻ ሳይሆን ጠፍታም ነው የምትቀረው» ይላሉ። ጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ቦታውን ጽፈን ከጢንዚዛዋ ሥር እንሰካለን፤ ከዚያ ክፍሉ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከክፍሉ ሁለት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ፤ የወንዶቹ ምላስ ደግሞ የአራዳ ምላስ ነው። ዶሮ ማነቂያ ሲባል ሰው የሚያስበው መጠጥ ቤቱንና ቀይ አምፖሉን ነበር። እናቴ እዚያ ልብስ ሰፍታ እንዳሳደገችኝ ማን ሊያስብልኝ? «ስንት ሰዓት ላይ ያዝሻት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት የማልፍበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ትዝ አለኝና «ሥላሴ ግቢ» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ማንም አልሳቀም።

ከጥቂት ቀን በኋላ መምህር ታፈሰ አስጠሩኝ። ማይክሮስኮፓቸው ላይ አቀርቅረው ነበር።

«ጽጌ፣ ይቺን ልጅ የትም መጽሐፍ ላይ አጣኋት» አሉኝ። «አዲስ ሳትሆን አትቀርም። ግን ሴት ናት፤ የነዚህ ዓይነቱ በደንብ የሚለየው በወንዱ ነው። አንድ ወንድ ካገኘን ስም እናወጣላታለን።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌሎች ያወጡትን ስም ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለአንዲት ጢንዚዛ እንኳ ስም አውጥተው አያውቁም። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አፌን ዘጋው።

ወንዱን ራሴ ይዤ ብመጣላቸው ውሸቴ ተቀብሮ ይቀራል ብዬ ወደ ሎሚው ሮጥኩ። እትዬ ቦጋለች ግን ተባዩ ዛፋቸውን እንዳይጨርሰው የሳሙና ውሃና ላምባ ረጭተውበታል። ቅጠሉ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የሁለት ጎረቤት በር አንኳኳሁ። «ምን ጠፋብሽ፣ የኔ ልጅ?» ሲሉኝ አፍሬ ተመለስኩ። ሰፈሩን ጓሮ ለጓሮ ማሰስ የሚችል የመምህር ታፈሰ ዓይን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ወረቀቴን አምነው ወንዱን የሚፈልጉት ሥላሴ ግቢ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ጥቁር ጃንጥላቸውን ገልብጠው ከቅርንጫፍ ሥር ይይዛሉ፣ እኔ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ አደርጋለሁ፣ የወደቀውን ሁሉ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ዘበኛው «ጋሼ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ከታች ነው እንዴ የሚመጣው?» ሲላቸው ከልባቸው ይስቃሉ። ሲደክመን ከፒያሳ የገዙትን ቦምቦሊኖ ከጋዜጣ ፈትተው ትልቁን ግማሽ ለእኔ ይሰጡኛል። ስኳሩ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ እስከ ዶሮ ማነቂያ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል በልጉ አለቀ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሰማዩ ጠቁሮ፣ መንገዱ ሁሉ የበቆሎ ጥብስ ይሸት ነበር። ባዶውን ጃንጥላ አራገፉት።

«እሷማ እዚሁ አለች» አሉኝ። «አንቺ በባዶ ዓይንሽ ያየሻትን እኔ በዚህ ሁሉ ቅዳሜ ካላየኋት፣ ዓይኔ ከድቶኛል ማለት ነው።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። «መምህር፣ ሊዘንብብዎ ነው፣ ጃንጥላውን ይዘርጉት» የሚል ብቻ ወጣኝ።

ጡረታ ወጥተው ሊሠሩበት ያሰቡትን ሣጥን ሁሉ ለኮሌጁ መልሰው ቤታቸው ቁጭ አሉ። «ዓይኔ አይታመንም» እያሉ ማይክሮስኮፕ ሳይነኩ እንደሞቱ ልጃቸው ለቅሶው ላይ ነገረችኝ። እኔ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት የሰውየውን ዓይን አወጣሁ። ሌላ ስም የለውም።

«ሥላሴ አይደለም» አልኳት ልጅቷን። «ዶሮ ማነቂያ ነው። ከቧንቧው ጎን፣ እትዬ ቦጋለች ጓሮ፣ ሎሚ ላይ። አፍሬ ነው።»

በመስኮቱ ዶሮ ማነቂያ ወደነበረበት አየች። እኔም አየሁ። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ቧንቧውም ሎሚውም በነበሩበት አስፋልትና የተከረከመ ሣር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ የጠራው የሚታይ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

«የድሮው ወረቀት አይነሳም» አለችኝ። «ከሥሩ ሌላ እንጨምራለን። የነገሩኝን እጽፋለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ጨምሪልኝ» አልኳት። «የመምህር ታፈሰ ዓይን ደህና እንደነበረ ጻፊልኝ።»

እስክሪብቶዋን እንደያዘች የአውራ ጣቷን ጥፍር አሳየችኝ። «እትዬ ጽጌ፣ ወረቀቷ እኮ ትንሽ ናት» አለችኝ። «ለቦታው ብቻ ነው የምትበቃው።»

አውቃለሁ። ያኔም ለቦታው ትበቃ ነበር።