ሁለት ቦታ የተቆረጠች የሮማ ብር

ከመርሳ በላይ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆይተናል። የራሱ ስም አለው፤ እኛ ግን ዶማ አላስገባ ስላለን «ድንጋዩ» እንለው ነበር። ከታች የደሴና ወልዲያ አስፋልት ይታያል፤ ከአስፋልቱ ወዲህ ያልታጨደ ማሽላ። ትዕዛዙ አጭር ነበር፤ ቆፍሩ፣ ያዙ፣ አትልቀቁ።

የእኔ ምሽግ ቋጥኝ ላይ ዋለ። ሁለት ቀን ታገልኩት። በሦስተኛው ሲሳይ መጣ። የመርሳ ልጅ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት መካኒክ ነበር።

«አንተ ገጣሚ፣ ድንጋይ በግጥም አይፈነቀልም። ና ቦታ እንለዋወጥ።»

ተለዋወጥን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከእኔ ጉድጓድ ውስጥ ጮኸ። መዳፉ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ክብ ነገር ነበረች። በሱሪው ሲያሻት ነጣች። አፍንጫው ጎላ ያለ ሰው ምስል በጎን ታየባት፣ ራሱ ላይ የቅጠል አክሊል የደፋ።

አሥር አለቃችን ውርጌሳ ከተማ ታሪክ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አዞራት።

«የጥንት ሮማ ብር ናት፤ ዲናር የሚሏት። ወታደሮቻቸው ደመወዝ የሚቀበሉት በዚህ ነበር። ነጋዴ በቀይ ባሕር ይዟት ገብቶ ይሆናል።» ጠርዟ ላይ ያለች አሮጌ ቁርጥ አሳየን። «አታላይ መዳቡን በብር እየለበጠ ይሰጥ ነበር። ተቀባዩም ጠርዙን ቆረጥ አድርጎ ውስጡን ያያል።»

ሲሳይ ወዲያው ለእናቱ አሰባት። «እናቴ የብር መስቀሏን ሸጣ ነው የመጀመሪያ መፍቻዎቼን የገዛችልኝ። ወልዲያ ብር ሠሪ ጋ ወስጄ መስቀል አሠራላታለሁ።»

«ታሪክ ልታቀልጥ?»

«መምህር፣ ታሪኩን እርስዎ ይያዙት፤ ብሩን ለእናቴ ይተዉልኝ።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ሁለት ቀን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። የሩቅ ዘመን ወታደር ደመወዝ እኔን ትቶ እሳት ውስጥ ሊከተው ለሚያስብ ሰው ወጣለት።

«መዳብ ናት። ለእናትህ መዳብ ልታንጠለጥልላት ነው?» አልኩ።

ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያ ቆርጠህ እያት» ብሎ ሰጠኝ።

ሳንጃዬን አወጣሁ። ከአሮጌው ቁርጥ ትይዩ ባለው ጠርዝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጥልቅ አድርጌ ቆረጥኩ። ውስጧ ነጭ ነበር። ሲሳይ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተታት። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ቀን ገጣሚ ብሎ አልጠራኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡብን። መጀመሪያ ሞርታር፣ ከዚያ መትረየስ። ተኮስን። ማሽላው ተቃጠለ። ሁለት ሰዓት ላይ በግራ በኩል ያሉት ዝም አሉ። ሲሳይ ከቋጥኙ ምሽግ «ገጣሚ፣ ጥይት!» ብሎ ጮኸ። የጥይት ካዝና ይዤ በደረቴ እየተሳብኩ ሳለሁ ሞርታር ወደቀ። የወደቀው ቋጥኙ ላይ ነው። ሁለት ቀን የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ።

አምስት ሰዓት ላይ ተኩሱ ቆመ። ኮረብታው በእጃችን ነበር። አሥር አለቃው ብሯን ከሲሳይ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ። «ለእናቱ አድርስ» አለ።

ሦስት ወር አላደረስኩም። መንገዱ ተዘግቷል፣ ፈቃድ የለም እያልኩ ኪሴ ውስጥ በጣቴ ስዳብሳት ኖርኩ። መንገዱ ከተከፈተ ግን ቆይቷል።

በመጨረሻ ሄድኩ። እናቱ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ማንጎ ይሸጣሉ። እንዴት እንደሞተና መስቀል ሊያሠራላቸው እንደነበር ነገርኳቸው፤ ብሯን ገለባብጠው አዩ።

«ማን ቆረጣት?»

«አንዱን የጥንት ሰው፣ እማማ። ሌላውን እኔ።»

«ምነው ልጄ?»

«ቀንቼ ነው።»

አንድ ደንበኛ ዋጋ ጠየቃቸው፤ አልመለሱለትም። ከዚያ ከቀሚሳቸው ጠርዝ ጥቁር ክር መዘዙ። ክሩን በሁለቱ ቁርጦች አሳልፈው ጠምጥመው አሰሩና ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሏት።

«ብር ሠሪ ጋ አልወስዳትም። ክሩ የሚይዝበት አግኝቷል» አሉ።

ከድንጋዩ ሰባት ሰው አልወረደም። ስለ ሰባቱም ጽፌያለሁ፤ ወረቀቶቹ ግን ማንም ሳያነባቸው ፍራሼ ስር ናቸው። መርሳ ላይ ሳልፍ እማማን ከሩቅ አያቸዋለሁ፣ ብሯም አንገታቸው ላይ ነች። አልዋሽም፤ ዛሬም በሲሳይ እቀናለሁ።