ያልረጋው ደም

ቡሩላይ የታሽ-ቡላክ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለልጆች ሾርባ ስትቀቅል የኖረች፣ ሰው ሲጣላ መሀል የማትገባ፣ ድምፅዋ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የማይሰማ ሴት ናት። መንደሩ የሚያውቃት በፍርሃቷ ነው። ውሻ ከጮኸባት መንገድ ትቀይራለች፤ ወንዙ ከሞላ ድልድዩን አትሻገርም። የባሏ ታናሽ ወንድም ጄኒሽ እንደ አገሩ ወግ «ጄኔ» እያለ ይጠራታል፤ የታላቅ ወንድም ሚስት እንደ ማለት ነው። «ጄኔኮ ጥላቸውን እንኳ አስፈቅደው ነው የሚረግጡት» እያለ በሰው ፊት ሲያሾፍባት አብራ ትስቅ ነበር።

ሰኔ ላይ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ከወረደ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ቡሩላይ የወረዳው ከተማ ገበያ ውላ ከቀትር በኋላ ቤቷ ደረሰች። በሩ ሥር ትልቁ የቆርቆሮ ሳፋ ደም እንደያዘ ተቀምጧል። ሥጋ የመጣ ቀን ሳፋ ማጠብ የእሷ ሥራ ነው። ዕቃዋን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ዳር ዳሩን በሽቦ መፈግፈጊያ ፈገፈገችው። ደሙን ልትደፋ ስታዘነብለው ነው ልብ ያለችው። ደሙ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ጠዋት የፈሰሰ ደም እስከዚህ ሰዓት ድረስ መርጋት ነበረበት፤ ይሄ ግን በሳፋው ጥግ እንኳ ቁርጥራጭ አልሠራም፤ ዝም ብሎ ይፈሳል።

እጇ እዚያው ቆመ።

ውስጥ ምራቷ ኡልጃን ሥጋ ትዘለዝላለች። አውራ ጣቷን ቢላዋ ቆርጧት በጨርቅ አስራዋለች። የአራት ወር ልጇ አጠገቧ ተኝቷል፤ አባቱ ኡላን ሩስያ ለሥራ ከሄደ ሰባት ወሩ ነው። የቡሩላይ ባል ሳቲባልዲ ግድግዳውን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል።

ሥጋው የማን እንደሆነ ጠየቀች። የጄኒሽ ላም ናት አሏት። ጠዋት ስትንቀጠቀጥ አግኝተዋት መቆም ስላቃታት፣ ሳትሞት ቶሎ ብለው አረዷት። ሰባት ቤት ተከፋፍለውታል።

«የኡላን አባት፣ ጣፊያዋን አይተውታል?» አለች።

«የምን ጣፊያ?»

«ጤነኛ ነበር ወይ?»

ሳቲባልዲ ፂሙን አከከ። «ትልቅ ነበር። ሲነኩት ይፈርሳል። ቆሻሻ ነው ብለን ለውሻ ጣልነው።»

ቡሩላይ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። 

አባቷ የዱሮው የኅብረት እርሻ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ማምቤት የሚባል እረኛ የሞተ በግ ገፍፎ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አገጩ ሥር ትንሽ ቁስል ወጣችበት። መሀሏ እንደ ከሰል ጠቆረች። ማምቤት በጣቱ እየነካካ አያመኝም ይል ነበር፤ ይስቅም ነበር። በሳምንቱ አንገቱ ከአገጩ እኩል አበጠ። ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው ተቀምጦ ሞተ። አባቷ እንዳታይ ከልክሏት ነበር፤ እሷ ግን በመስኮት አየችው። አባቷ ያን ቀን ማታ እጁን ሦስቴ በሳሙና ታጥቦ አጠገቡ አስቀመጣትና አስጠናት፦ ደሙ ካልረጋ ሥጋውን አትንኪ፤ ቁስል ጠቁሮ ካላመመሽ ደግሞ ያን ጊዜ ፍሪ። የበሽታውም ስም አባ ሰንጋ እንደሆነ ነገራት።

ኡልጃንን ቢላዋውን እንድታስቀምጥ አዘዘቻት። ጣቷን በሚወርድ ውሃ፣ በሳሙና፣ ምራቷ በቃኝ እስክትል ድረስ አጠበችላት። ከዚያ ወደ ጤና ኬላው ሄደች። 

ነርሷ አይጃማል ሰምታ አላመነታችም። ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደወለች። ከዚያ መዝገቧን ገልጣ ላሟን ማን ማን እንደነካ ጠየቀች። ቡሩላይ ቆጠረች፦ ባሌ፣ ጄኒሽ፣ ምራቴ፣ የተካፈሉት ሰባት ቤቶች። ሳፋው ትዝ አላት። መፈግፈጊያው የእጅ አንጓዋን ውስጡን ጭሯት እንደነበርም ትዝ አላት።  ከተናገረችው እውነት የሚሆን መሰላት። አይጃማል ያልጠሯቸው ሰዎች ካሉ ስትላት፣ ሌላ ማንም የለም አለች።

ሁለቱ ጓንት አጥልቀው ቤት ለቤት ዞሩ። አንዳንዱ ሥጋውን ወዲያው አወጣ። አንዷ ሴት ድስቷ ላይ ቆማ፣ ቀቅዬዋለሁ፣ ምን በሽታ ይተርፈዋል ብላ ተከራከረች። አይጃማል ይሄ በሽታ በመቀቀል ይጠፋል ተብሎ እንደማይታመን አስረድታ ድስቱን ከነክዳኑ ወሰደችው። መንገድ ላይ ሰዎች ሲያንሾካሹኩ ቡሩላይ ትሰማለች። መንደሩ ከተዘጋ ከብት አይሸጥም፣ ወተት አይወጣም፤ ይሄን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።

ጄኒሽ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ለእሱ ያለችው ላም ያቺ አንዲት ብቻ ነበረች።

«ቢስሚላህ ብዬ በእጄ ያረድኳትን ነው በክት የምትይብኝ?» አለ። አንቺ ሲላት በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

«በክት አላልኩም። ሐላልነቷን ማን ካደ? ደሟን አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«ደም ደም ነው።»

«አልረጋም፣ ጄኒሽ።»

ሊያልፋት ሲል ይዛው የመጣችውን ነጭ ጋዝ ከፍታ ደጁ ላይ በተቀመጠው ሥጋው ላይ አፈሰሰችው። ግማሹ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ጄኒሽ እጁን አነሳ፤ አልመታትም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጪ አላትና ገባ። አይጃማል ለሁሉም የምታድለውን የመከላከያ ክኒን ብትሰጠው ወረወረው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእንስሳት ሐኪሙ ደረሰ። ናሙና ወሰደ፤ ሥጋውን፣ ቆዳውን፣ የላሟን መደብ ሣር ሳይቀር በጎማ አቃጥሎ ኖራ አለበሰው። ላሟ የት ትግጥ እንደነበር ሲጠይቅ ወንዙ እጥፋት ጋ አሉት። ሄዶ አየ። ጎርፉ ዳሩን ንዶታል፤ በዱሮ ጊዜ በበሽታ የሞቱ ከብቶች የተቀበሩበት ጉድጓድ ግማሹ ተከፍቶ አጥንቱ ይታያል። የጉድጓዱን አጥር ማን እንደነቀለው የሚያስታውስ አልተገኘም። ብረት ነበር፤ ብረት ደግሞ ይፈለጋል።

ከዚያ መጠበቅ መጣ።

በየማለዳው ቡሩላይ ባሏንና ምራቷን ደጅ አውጥታ ብርሃን ላይ ታቆማቸዋለች። መዳፋቸውን፣ አንገታቸውን፣ ከጆሯቸው ኋላ ታያለች። ክኒናቸውን ፊቷ እንዲውጡ ታደርጋለች፤ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለች ለእሷ አልተሰጣትም። ኡልጃን ልጁን ማጥባት ፈርታ ስታለቅስ አይጃማል መጥታ፣ ከእናት ወደ ልጅ እንዲህ በቀላሉ የሚዘል እንዳልሆነ፣ ጣቷን ሸፍና እጇን ታጥባ እንድታጠባ ነገረቻት። ቡሩላይም ቃል በቃል ደገመችላት፤ የማምቤትን ነገር ግን ለማንም አልተናገረችም።

በአራተኛው ቀን የእጅ አንጓዋን በላት። ትንኝ ነው አለች። በአምስተኛው ቀን ያቺው ቦታ ዙሪያዋን ጥቃቅን ውሃ የቋጠረች ቀይ እብጠት ሆነች። ቡሩላይ በዚያ ሙቀት የእጅጌዋን ቁልፍ ቆለፈች። ሾርባ ስታማስል በግራ እጇ አማሰለች። በጥፍሯ ጫፍ ቀስ ብላ ነካቻት። እንዲያማት ፈለገች። አላመማትም። ምን ማድረግ እንዳለባት በመንደሩ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ግን ጤና ኬላውን ባሰበች ቁጥር የምታየው ማምቤትን ያየችበትን መስኮት ነው። አልሄደችም።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ የኡልጃንን እጅ ስታገላብጥ ምራቷ መልሳ እጇን ያዘቻት።

«አፓ፣ ዛሬ እኔ ልይዎት» አለች፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«እኔ ምን ነካሁ ብለሽ ነው?»

«ሳፋውን ማን አጠበው?»

 ኡልጃን ቁልፉን ራሷ ፈታች። እጅጌውን ስትሰበስበው የቁስሉ መሀል ጠቁሯል፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አብጧል። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሆኖም አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ «ያምዎታል?» አለች።

«አያመኝም» አለች ቡሩላይ፤ በዚህ ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሳቲባልዲ የጎረቤት መኪና ለመነ። በወረዳው ሆስፒታል ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ወዲያው መርፌ አዘዘ። በጊዜ ከመጡ ይድናል አላት። እሷ ግን ሌላ ነገር እየሰማች ነበር። ምራቋን በዋጠች ቁጥር ጉሮሮዋን ታዳምጣለች። ጋደም በይ ሲሏት፣ ትንፋሽ እንዳያጥራት ትራሱን ደራርባ ተቀመጠች። በማግስቱ አንዲት አስታማሚ ነገሩ ገብቷት፣ እብጠቱ ክንድሽ ላይ እንጂ አንገትሽ ላይ አይደለም ብላ በእስኪሪብቶ ድንበሩን ክንዷ ላይ አሰመረችላት። ከዚያ ወዲህ ቡሩላይ ቀኑን ሙሉ መስመሩን ታያለች። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሸሸ። ትራሶቹን አንድ በአንድ አወረደቻቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጄኒሽን ይዘውት መጡ። በሽታው የያዘው የዓይኑ ቆብ ላይ ነበር። ወደ አንዲት መድኃኒተኛ ሄዶ ቁስሉን በጋለ ብረት አስተኩሶታል። ፊቱ በአንድ ጎን የሌላ ሰው ፊት ሆኗል፤ ከንፈሩ እንኳ ተጎትቷል። ኮሪደሩ ላይ በተሽከርካሪ አልጋ ሲያሳልፉት አያት፤ ባላበጠችው አንዲት ዓይኑ።

«አያመኝም ነበርኮ፣ ጄኔ» አለ። «ቢያመኝ እመጣ ነበር። ይፍረዱኝ።»

ቡሩላይ ልትቆጣው አልቻለችም። እሷም አንድ ቀንና ሌሊት እጅጌ ቆልፋ ተቀምጣለችና። አልጋውን ይዛ እስከ ክፍሉ በር አብራው ሄደች፤ የሚሰማ ይመስል መስመር ስለተሰመረበት ክንዷ ነገረችው። እሱ ሁለት ሳምንት በሞትና በሕይወት መሀል ቆየ። ተረፈ። የዓይኑ ቆብ ግን ተኮማትሮ ቀረ፤ ሲተኛም አይከደንም። ለሰባቱ ቤት ሰዎች ክኒናቸው ደርሶላቸው ማንም አልሞተም።

ከሆስፒታል ስትወጣ አይጃማልን፣ ያን ቀን ዋሽቼሽ ነበር፣ ራሴን አልቆጠርኩም አለቻት።  ነርሷ መዝገቡን አውጥታ በዝርዝሩ ግርጌ የቡሩላይን ስም ጻፈችው።

በመከር አንድ ጎረቤት ጊደሩ በድንገት ሞተችበት። ቢላዋ ይዞ ከመቆሙ በፊት ልጁን ወደ ቡሩላይ ላከ። እሷም መጣች። በአሥር እርምጃ ርቀት፣ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ ቆመች፤ ቀረብ በይ ቢሏት አልቀረበችም።  ማንም እንዳይነካት፣ ሐኪሙ እስኪመጣ ውሾቹን እንዲያስሩ ነገረቻቸው። ባለቤቱ ሥጋው ሊበላሽ ነው እያለ አጉረመረመ። ጄኒሽ በማትከደነው ዓይኑ አፍጥጦ ሲያየው ውሾቹን ሊያስር ሄደ።

ሐኪሙ መጥቶ ናሙና ወሰደ፤ ውጤቱ በስድስተኛው ቀን ደረሰ። አባ ሰንጋ አልነበረም፤ መርዛማ ሣር በልታ ነው አሉ። ባለቤቱ ለቡሩላይ ደውሎ የከሰረውን ሁሉ ዘረዘረላት። እስኪጨርስ አዳመጠችው። ይቅርታ አልጠየቀችም። ስልኩን ዘግታ የእጅ አንጓዋን በሳሙና ታጠበችና ድንች መላጥ ቀጠለች።