የዳቦ ሣጥኑ ባሕር

ሰሞኑን በአንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ሠራተኛው ከመኪና ካላማዳሪ አየር እያስተነፈሰ ነበር። ያ ለብ ያለ የጎማ ሽታ ሲደርሰኝ እግሬ ቆመ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ ለእኔ ግን የባሕር ሽታ ማለት ይህ ነው። ይገርማችሁ ይሆናል፣ ባሕርን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም።

ያኔ የምንኖረው ሆሳዕና ነው፤ ዘመኑም የደርግ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ቀርተን ነበር። እሷ ከእንሰት ጓሮዋ ጋር ትውላለች፣ እኔ ከመጽሐፌ ጋር። ታላቅ ወንድሜ ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ሰባተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ነበር፤ ሻንጣውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን ባለሱቁ፣ ቀልድ የማያልቅበት ጉራጌ፣ ከባንኮኒው ላይ ተንጠራርቶ፣

«ባሕረኛው! ማር ነው ዘይት?» አለው።

«ባሕር ነው፣ ጋሼ።»

«ወይ ጉድ! እኔ ሱቅ ጨው ጠፍቶ ነው ከምጽዋ ድረስ የተሸከምከው?»

ወንድሜ ግን እውነቱን ነበር። አንዱ ጀሪካን ሙሉ የባሕር ውኃ ነው። የሁለተኛው አፉ በቢላዋ ሰፍቶ በሻሽ ታስሯል። ውስጡ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይና ከጣቴ የማይበልጥ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ ነበረ። እስከ አዲስ አበባ በወታደር አውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ ታቅፎት ነው የመጣው።

«ባሕሩ ስር እንዲህ ባለ ድንጋይ የተሠራ ከተማ አለ» አለኝ። «አንቺ እዚያ መምጣት ስለማትችይ አንዱን ቤት ከነባለቤቱ አመጣሁልሽ።»

ባለሱቁ የቆየውን የዳቦ መስታወት ሣጥን፣ «ዳቦው ወደ ቅርጫት ይሰደድ እንግዲህ» ብሎ ሰጠን። ወንድሜ የሣጥኑን መጋጠሚያዎች በሬንጅ አተማቸው፤ ሲደርቅ ውኃ ሞልቶ እንዳያፈስ አየና ደፍቶ አጠበው። ብረት ያለበትን ማጠፊያ ሁሉ ነቅሎ ጣለ፤ ጨው ብረትን ይበላዋል፣ ዝገቱም ዓሣውን ይመርዘዋል አለ። በካልሲ ቋጥሮ ያመጣውን ነጭ አሸዋ ከስር አነጠፈ፤ ድንጋዩን አስቀመጠ፤ ውኃውን ቀስ እያለ በሰሃን ላይ አንቆረቆረው። ውኃው ሲጠራ መስኮቱ ዳር ያለው ጠረጴዛችን ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር ተቀምጦ አየሁ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ በቤታችን ታይቶ አያውቅም።

አየር የሚሰጠው ነገር ደግሞ አስቂኝ ነበር። ከብስክሌት መንፊያ ጋር አንድ ካላማዳሪ ለመነ፤ አፉ ላይ ቀጭን የግሉኮስ ቱቦ አሰረና ጫፉን ከድንጋዩ ስር ሸጎጠው። ካላማዳሪው ሲነፋ አየሩ በቱቦው ቀስ እያለ ይወጣና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቤቱ በጎማ ሽታ ታጠነ።

እናቴ ጓሮ ሳለች ሕጉን ሁሉ ለእኔ አስተማረኝ። ውኃው ሲቀንስ ጨው አትጨምሪ፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለም፣ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ብቻ መስታወቱ ላይ እስካሰመርኩት ምልክት ሙዪ። ብርድ ስለሚጎዳው ትኩስ ውኃ በጠርሙስ ከድነሽ ጠዋትና ማታ ውስጡ አቁሚ። የቋንጣ ብናኝ ቁንጥር ብቻ ስጪው። ድንጋዩን ግን አትንኪው። አረንጓዴ ቢለብስም፣ ቢያሟልጭም አትንኪው፤ ሕይወት አለው።

የሚሄድ ዕለት እናቴ እጁን ይዛ፣ «ለመስቀል ትመጣለህ?» አለችው። ከእናታችን ጋር የምንነጋገረው በሀዲይኛ ነው። መስቀልን እኛ ያሆዴ እንለዋለን፤ የትም ያለ ሰው ለያሆዴ ቤቱ ይገባል፤ ያልገባ ሰው እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው። ወንድሜ ሳቅ ብሎ ወደ ሣጥኑ ጠቆማት።

«ይሄ እያለማ የት እቀራለሁ፣ እማ!»

ለጨዋታ ያለው ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ራሷን ነቀነቀች።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከቤት አልወጣም፤ ብወጣም የምሄድበት ሰው አልነበረኝም። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል፤ ዛሬም ያው ነኝ። ለዓሣው ግን ሳላፍር አወራለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብቅ ስትል ብርሃኑ በውኃው አልፎ የጭቃ ግድግዳችን ላይ ይንቀጠቀጣል። ሲመሽ ከድንጋዩ ቀዳዳዎች አበባ የሚመስሉ፣ የጥፍሬን ያህል የሆኑ ነገሮች ይፈካሉ። ለማንም አልተናገርኩም። የሚሰማኝ ወንድሜ ነው፤ እሱ እስኪመጣ አጠራቀምኩለት።

መስቀል ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ታደሰ። ግድግዳው ተለሰነ፣ ዕቃው ሁሉ ታጠበ። በዋዜማው እናቴ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ስመለስ የግራዋ ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። የወተት ዕቃዋን የምታጥብበት ያ መራራ ቅጠል ነው።

«ነይ እዪ!» አለችኝ፣ እጅጌዋን እንደጠቀለለች፣ ፊቷ በርቶ። «ወንድምሽ ሲመጣ ሽበት ያበቀለ ድንጋይ ሊያይ ነበር! እንደ ወተት ዕቃ ነው ያጠብኩለት። ውኃውንም ቀየርኩት፤ ጨው ከባለሱቁ አምጥቼ እስኪመር ጨምሬበታለሁ።»

ድንጋዩ እንደ አጥንት ነጥቶ ነበር። ዓሣው ከላይ፣ ከውኃው ፊት ተጠግቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የባዮሎጂ መምህራችን እንዲህ ያለው ድንጋይ ላይ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ነገሮች ውኃውን እንደሚያጠሩለት ሲያስረዳ አንገቴን ደፍቼ ነው የሰማሁት። ክፍሉ ውስጥ ግራዋ የሸተተኝ እኔን ብቻ ነው።

ሳይመሽ ዓሣው በጎኑ ተኛ። እናቴ ከቅቤዋ ጋር ስትታገል በነጠላዬ ጫፍ አወጣሁትና ጓሮ እንሰቱ ስር ቀበርኩት። ስትጠይቀኝ፣ «ድንጋዩ ስር ገብቷል፤ አዲሱን ውኃ እስኪለምድ ነው» አልኳት። በዓሉን እንዳላበላሽባት ብዬ ነው፤ ወንድሜ ሲመጣ እሱ በዘዴ ይነግራታል ብዬ አሰብኩ።

በመስቀል ቀን እናቴ አውቶቡስ መናኸሪያ ዋለች። ከሌሎች ቤቶች ዘፈኑ ይሰማል። እሷ ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኗል። የሱን ድርሻ ሥጋ ሸፍና መደብ ላይ አስቀመጠችና ሣጥኑ ፊት ቆመች።

«አለ?» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ይሄ እያለ አልቀርም ብሎኝ የለ?» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «አለ ወይ፣ ልጄ?»

«አለ፣ እማ።»

«ተመስገን» ብላ ተቀመጠች፤ እህልም ቀመሰች።

ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ? በየቀኑ ካላማዳሪውን ነፋሁ። ጠርሙሱን አሞቅኩ። ባዶ ውኃ ቡልቅ ቡልቅ ሲል እናቴ ከጓሮ ገብታ በሩ ላይ ትቆማለች። «አለ?» «አለ።» ሣጥኑ ውስጥ አጎንብሳ ፈልጋው አታውቅም። መጀመሪያ ከወንድሜ መልእክት ይመጣ ነበር፤ ኋላ ቆመ። በዚያን ጊዜ ባለሱቁ መቀለድ ተወ፤ እናቴ ሱቁ ስትገባ ሬዲዮውን ይዘጋ ጀመር። ምጽዋ በጦርነቱ ምን እንደሆነች ከእሷ በስተቀር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ ገባች። ሣጥኑ ጋ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። እጇን ታጠበች፣ ፋኖሱን ለኮሰች፣ በአጠገቤ አልፋ ወደ ጓዳ ሄደች። «አለ?» አላለችኝም።

«እማ» አልኳት። «አለ እኮ።»

ፋኖሱን መደቡ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ መጣችና አለበሰችኝ።

«በርዶሻል» አለችኝ፤ «አሁን ተኚ።»