የመጋረጃው ዘርፍ

ሹፌሩ በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ ዳኑብ ወንዝ ዳር ካለው የመጨረሻ ፌርማታ በደረሰ ቁጥር ሞተሩን ያጠፋና ከጎኑ የተንጠለጠለውን የመጋረጃ ዘርፍ ይጎነጉናል። ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ ግራ ቀኙን ወደ መሃል እያመጣ ያጠብቃል፤ መልሶ ይፈታዋል። ይህን ረጅም አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ላይ ምንም ሳይነካ ያዞራል፤ አንዲት ሹሩባ ግን እጁ ላይ ትበተንበታለች። ከወንበሩ ኋላ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ፣ ነገ ለአንዲት አስተማሪ የሚሰጥ የዳሊያ አበባ ቆሟል።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አሮጊት ሲያዩት ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ መጋረጃውን ልትድር ነው እንዴ?» አሉት።

«ነገ አንደኛ ክፍል ላስገባው ነው፣ እማማ።»

ሳቁ። «ሴት ልጅ አለችህ ማለት ነው።»

«ራሊትሳ ትባላለች። ደብተሮቿን ለብጄ ጨርሻለሁ፤ አንዱ ብቻ ተገልብጧል። ያስቸገረኝ ፀጉሯ ነው። ትናንት ሠርቼላት መስታወት አየችና፣ ‹አባባ፣ በዚህ ጀልባ ልታስር ነው?› አለችኝ።»

«እናቷስ?»

«ጣልያን አገር የሰው እናት ታስታምማለች። ነገ በስልክ ታየናለች።» ዘርፉን እንደገና ፈታው። «እኔንስ ታውቀኛለች፤ ልጅቷ እንኳ ሰው መስላ ትታያት።»

«መጀመሪያ በውሃ አርጥበው» አሉት አሮጊቷ።

ጣቶቹን ባልዲው ውስጥ ነከረና ከላይ ጀመረ። ጉንጉኑ እስከ ጫፉ ድረስ ያዘለት። ይህኛውን አልፈታውም።

ነገ ጠዋት አውቶቡሱን የሚነዳው ሌላ ሹፌር ነው።