የአልዶና ጠመኔ

በኬምፕኖ ከተማ በሰብአ ሰገል በዓል ዕለት ጠመኔ ሳይዝ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው የለም። ካህኑ ይባርኩታል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሄዶ ቤቱ እንዲባረክ ከበሩ በላይ የሦስቱን ነገሥታት ስም መነሻ ፊደላትና የዓመቱን ቁጥር ይጽፋል፣ አለቀ። አልዶናም ጠመኔዋን ትወስዳለች። ግን አትጽፍም። በመሀረቧ ጠቅልላ ታመጣና ድሮ የልብስ ቁልፍ ታጠራቅምበት በነበረ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። በየዓመቱ እንደዚሁ ነው። ባሏ ዜኖን አንድ ጊዜ ቆርቆሮውን አንቀጫቅጮ፣ "ትምህርት ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ?" ብሎ ቀለደባት። አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮውን ነክቶት አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ቤታቸውን አጥተው ኪራይ የገቡ ዓመት ነው። አልዶና እንደ ወጉ ወንበር ላይ ወጥታ ፊደሉን ጻፈች። አከራይዋ ከታች ሆና አየቻትና ደረጃውን እየተንደረደረች ወጣች።

"አንቺ! በማን በር ላይ ነው የምትሞነጫጭሪው?"

"እትዬ፣ የተባረከ ጠመኔ እኮ ነው።"

"የተባረከ ከሆነ ቤትሽ ሄደሽ ጻፊዋ!"

እርጥብ ጨርቅ አመጣችና ጠራርጋ አጠፋችው። አልዶና እዚያው ደረጃ ላይ ቆማ፣ "የራሴ በር እስኪኖረኝ አንዲት ፊደል ብጽፍ እጄን ይቁረጠው!" ብላ ማለች።

ቤት አይታ የማታውቅ ሴት አይደለችም እኮ! አባቷ ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜም እሑድም ሳይሉ፣ ጡብ በጡብ የሠሩት ቤት ነበራት። እንዴት አጣችው? እዚህ ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል። ዜኖን እጁ ወርቅ ነው፤ እሱ የሠራው ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው መነሣት ያስጠላዋል። "እምቢ" ማለት ግን አልፈጠረበትም። በትልቁ የሶፋ ፋብሪካ ተቀጥሮ እየሠራ፣ ጎን ለጎን የራሴን ወርክሾፕ ልክፈት አለ። አለቆቹ ከሰሙ ያባርሩታል። ስለዚህ የኛ ከተማ ወንዶች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረገ፤ ንግድ ፈቃዱን በሚስቱ ስም አወጣ።

"ስም ብቻ ነው አልዱ፣ ምን ይጎድልብሻል?" አላት።

ፈረመች። ሥራው ደርቶ ነበር። ከዚያ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ነጋዴ ሶፋውን በመኪና በመኪና እየጫነ፣ ዛሬ ነገ እከፍላለሁ ሲል ከርሞ እልም አለ። የስፖንጁ፣ የጨርቁ፣ የባንኩ ዕዳ አንድ ላይ ሲመጣ ማንን ፈልጎ መጣ? አልዶናን! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ፍርድ ቤት ከስራለች ብሎ ወሰነባት፤ ንብረቷን ሸጦ ዕዳውን እንዲከፍል የተሾመውም ሰው መጥቶ የአባቷን ቤት ሸጠው።

ዜኖን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ሰድባው ይወጣላት ነበር። እሱ ግን ማታ እግሯን በሙቅ ውሃ የሚያጥብ፣ ሾርባ ሠርቶ የሚጠብቅ ባል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። ሆድ ይፍጀው ብላ በሰው ወርክሾፕ የሶፋ ልብስ ስትሰፋ ኖረች። ከደመወዟ ዕዳው ይቆረጣል፣ በቀረው ኪራይ ይከፈላል፤ ዓይኗም እጇም እዚያው አለቀ።

ዕዳውም አልቆ ፍርድ ቤቱ ነጻ ነሽ ባላት ሰሞን፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የአንዲት ሟች አሮጊት ቤት ለሽያጭ ወጣ። ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ዋጋውም ለዚያ ነው የረከሰ። አልዶና ውስጡን አይታዋለች ለማለት ይከብዳል። መቃኑን ነው እየዳሰሰች የቆመችው። "ይሄ በር ጥሩ በር ነው" አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

ለቤት ብድር ባንክ የሄዱ ቀን የክት ቀሚሷን ለበሰች። የባንኩ ሠራተኛ ኢሎና የምትባል ለግላጋ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሯን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

"እትዬ አልዶና፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ..."

"እንደመጣልሽ ንገሪኝ ልጄ። እኔ ያልሰማሁት ክፉ ቃል የለም።"

"የእርስዎ ኪሳራ ከተበዳሪዎች መዝገብ ላይ እስኪነሣ ገና ዓመታት ይቀሩታል። እርስዎ ያሉበት ማመልከቻ አያልፍም። ጋሽ ዜኖን ግን ንጹሕ ናቸው።"

"ንጹሕ?"

"አንድም እንከን የለባቸውም።"

የዜኖን ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ልጅቷ ምን ታውቃለች! ንብረት ለይታችሁ ብትፈራረሙ፣ ብድሩም ቤቱም በእሳቸው ስም ብቻ ቢሆን፣ በአጭር ጊዜ ያልቃል እያለች በቅንነት ታስረዳለች። ዜኖን "አይሆንም!" ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

አልዶና መንገድ ላይ ደረሰችበት።

"የአባትሽን ቤት አስበልቼ ደግሞ በስሜ ቤት ልግዛ?" አለ። "ይሄን ማድረግ ግፍ ነው። መዝገቡ እስኪጠራ እንጠብቅ።"

"እሱ እስኪጠራ አንተ ጡረታ ትወጣለህ። ባንክ ለመቃብር ድንጋይ አያበድርም!"

"ግዴለሽም አልዱ..."

"እኔ በሰው ደረጃ ላይ ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን አውልቄ ስወጣ ስወርድ መሞት አልፈልግም! ፈርም። ስም ብቻ ነው፤ ምን ይጎድልብኛል?"

ልወጋው ብዬ አይደለም ትላለች። እሱ ግን የገዛ ቃሉ ሲመለስበት እዚያው አስፋልት ዳር ቆሞ አለቀሰ። መሀረቧን አውጥታ ፊቱን ጠረገችለት።

የግዢው ቀን ውል አዋዋዩ እንደ ወጉ ውሉን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ አነበበ። ገዢ ዜኖን፣ ተበዳሪ ዜኖን፣ የቤቱ ባለቤት ዜኖን። አልዶና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች። አንድ ቦታ ተጠራ፤ ንብረት የለየችው የዜኖን ሚስት ማን እንደምትባል ሲነገር። ሰውዬው ሲጨርስ ተነሥቶ ዜኖንን ጨበጠና ለሷ ደግሞ፣ "እርስዎም እንኳን ደስ ያለዎት" አላት። "እንኳን አብሮ ደስ አለን" ብላ ወጣች።

ገቡ። ዜኖን ጣሪያውን ደፈነ፣ እሷ መጋረጃ ሰፋች። ሲያዩዋቸው የደላቸው ይመስላሉ። አንድ ቀን ግን የአባቷን ፎቶግራፍና መዶሻ ይዛ መጣችና፣ "ዜኖን፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ሚስማር ብመታ ቅር ይልሃል?" አለችው።

የቀልዷን መስሎት ሳቀ። ቀና ብሎ ሲያያት መልሱን እየጠበቀች ነው።

"በገዛ ቤትሽ ምን ታስፈቅጂኛለሽ?"

"ለምዶብኝ ነው መሰለኝ" አለች። ሚስማሩን እሱ መታላት። የዚያን ቀን ራት አልበላም።

እንግዲህ የሰብአ ሰገል በዓል ደረሰ። ከእሷ ይልቅ እሱ ነበር ቀኑን ሲቆጥር የከረመ። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ በረዶውን ከደጃፉ ጠረገ፣ ወንበር አወጣ፣ ያን ፈርቶት የኖረውን ቆርቆሮ ራሱ ከመሳቢያ አምጥቶ ሰጣት።

"በይ ውጪ አልዱ፤ ይኸው በርሽ!"

ከፈተችው። የድሮዎቹ ጠመኔዎች ተፈርፍረው ዱቄት ሆነዋል። አዲሱን ያዘችና አንድ እግሯን ወንበሩ ላይ አደረገች። ወደ መቃኑ ቀና አለች። እግሯን መልሳ አወረደችው።

"ምነው? ጉልበትሽ ነው?"

"ጉልበቴስ ደህና ነው።" ጠመኔውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። "ምያለሁ እኮ ዜኖን። የራሴ በር እስኪኖረኝ ብዬ ነው የማልኩት። አንተ ጻፍ።"

"መዝገቡ የጠራ ቀን ስምሽን እናስገባለን" አለ ዜኖን ጠመኔውን ጨብጦ።

"እናስገባለን" አለችው፣ ልጅ እንደምታባብል። "አሁን ብርድ እየገባ ነው፤ ቶሎ በልና በሩን እንዝጋው።"

ወንበሩ ላይ ወጣ። አንድ ስፌት ስቶ በማያውቅ እጁ የጻፋቸው ፊደሎች ተንጋደው ወረዱ። ከሥሩ ያለው ድንጋይ በረዶ ስለያዘ ወንበሩ መንሸራተት ጀመረ። አልዶና ቆርቆሮዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ እንዳይወድቅባት ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችለት።