ስክሪኑ ላይ የነበረው ስም

ጥላዬና እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ቢሮ ነው የምንሠራው። ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ናቸው። የገጠሩን የጤና መድን አባላት ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የአባልነት ቁጥር። አባሉ ታሞ ሆስፒታል ሲሄድ እዚያ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ስሙን ትፈልጋለች፤ ካገኘችው ይታከማል።

ጥላዬ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ትከሻው ግን የሽማግሌ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ኮምፒውተር ነበር። ፕሮግራም እየጻፍኩ እኖራለሁ ብሎ ተመርቆ የሰው ስም እየጻፈ ይኖራል። ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ስለሚያመው በነጭ ጨርቅ ጠምጥሞት ይመጣል። ስለዚህ ነገር አያወራም። ከሰዓት በኋላ ላይ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መስኮቱን ሲያይ ግን አየዋለሁ።

ያን ጊዜ ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ተመልሶ ነበር። መዝገቡ ግድግዳ ጥግ ተከምሮ ጠበቀን። አለቃችን አቶ ይሻው በየማለዳው በር ላይ ቆመው ክምሩን ያዩና ምንም ሳይናገሩ ያልፋሉ። እሳቸውንም ከላይ ይጠይቋቸዋል። መብራቱ ደግሞ ደስ ሲለው ይመጣል፤ ሳይለው ይሄዳል።

አንድ ቀን ጥላዬ አንድ ነገር አሰበ። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊዎች ብዙውን ስም ኤክሴል ላይ ጽፈውት ነበር። ያንኑ ስም እኛ እንደገና በጣታችን እንለቅመዋለን። እሱም ምሳውን ትቶ አጭር ኮድ ጻፈ። ኮዱ ስሙን ከኤክሴሉ ወስዶ ገጹ ላይ ያሉት ባዶ ሳጥኖች ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀበሌውንና ቁጥሩን ብቻ ከወረቀቱ እያመሳከረ በእጁ ይጽፍና ይመዘግባል።

ጠርቶ አሳየኝ። አንዴ ሲነካው ስሙ፣ የአባት ስሙ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«ለእኔም ጫንልኝ» አልኩት።

«ያንቺ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ አይችለውም፣ ትዕግሥት። ሌላ ሲመጣልሽ።»

ሌላ አልመጣልኝም። እኔ በጣቴ ቀጠልኩ፤ እሱ ክምሩን ይጨርሰው ጀመር። አንጓው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈታው። ቀን ብርሃን ሳለ ወደ ቤቱ የሚሄደው ያኔ ነበር። አቶ ይሻውም በር ላይ መቆማቸውን ተዉት።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ አንዲት ወይዘሮ ገቡ። ከፋርጣ ገጠር ናቸው። ጌጤ ይባላሉ። እግራቸው አቧራ ለብሷል፤ የአባልነት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል።

«ልጄ» አሉት ጥላዬን፣ «ባሌን በአልጋ ተሸክመን ሆስፒታል አምጥተነው ነበር። ስኳር አለበት፤ እግሩ ቆስሏል። ስሙ የለም አሉን።»

«ይቀመጡ እማማ። ስማቸው ማን ነው?»

«ሞላ ፈንታሁን።»

ፈለገ። የለም። ደብተሩን ተቀበላቸውና በቁጥሩ ፈለገ። ቁጥሩ መጣ። ቀበሌው መጣ። የስሙ ቦታ ባዶ ነው።

ጥላዬ የሚቀጥለውን ቁጥር ፈለገ፤ ባዶ። ከዚያ የሚቀጥለውን። ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ተነስቼ ከጀርባው ቆምኩ። ቁጥር አለ፣ ቀበሌ አለ፣ ሰው የለም። ኮዱን ከጀመረ ወዲህ ያስገባቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው።

«እኔ እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለኝ በቀስታ። «ስሙ ስክሪኑ ላይ ነበር።»

አብሬው አይቻለሁ። ስሙ ነበር።

የአያ ሞላን ስም እዚያው በእጁ ሊጽፍ ሲል ኔትወርኩ ሄደ። ጠበቅን። አልተመለሰም። ለሆስፒታሉ ደብዳቤ እንዳንጽፍ ማኅተሙ አቶ ይሻው ዘንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለስብሰባ ባሕር ዳር ወርደዋል።

«እማማ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ። ራሴ እጨርስልዎታለሁ።»

ጌጤ አልተቆጡም። «ነገ ማን ይሸከምልኛል ብለህ ነው?» አሉና ደብተራቸውን መልሰው ቋጠሩ።

ኋላ እንደነገረኝ፣ እሳቸው እንደወጡ ጥላዬ ወደ ሰሚራ ሄደ። ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ አብራው የተማረች ናት። አባቷ አቶ ኑሩ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እሷ በሱቁ ጓዳ ተቀምጣ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ድረ ገጽ ትሠራለች። የሆነውን ነገራት። ኮዱን ከስልኩ ላይ አንብባ ራሷን ነቀነቀች።

«ገጹ በሪአክት የተሠራ ነው አይደል?»

«መሰለኝ» አላት። ሪአክት ድረ ገጽ የሚሠራበት የፕሮግራም መሣሪያ ነው።

«እንግዲያው ገጹ አልሰማህም። ሪአክት የተጻፈውን ለራሱ ሌላ ቦታ ይይዛል። በደንቡ ሳጥኑ የሚያሳየው እሱ የያዘውን ነው። አንተ ሳጥኑ ላይ በኮድ ስትጽፍ ለዓይን ይታያል፤ እሱ ግን ማንም ምንም አልጻፈም ብሎ ነው የሚያስበው። መዝግብ ስትለው የራሱን ይልካል። የራሱ ደግሞ ባዶ ነው።»

«ቁጥሩስ? ቁጥሩ ገብቷል።»

«ቁጥሩን በእጅህ ነዋ የጻፍከው። ሰው ሲጽፍ ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር ‹እዚህ ተጽፏል› ብሎ ያስታውቃል፤ ሪአክት የሚነቃው በዚያ ነው። ኮድህ ጽፎ ዝም ነው ያለው።»

«ከጻፍኩ በኋላ ባስታውቀውስ?»

«ያም ብቻውን አይበቃም። ሪአክት ሳጥኑ ላይ ጠባቂ አስቀምጧል። አንተ ስትጽፍ ጠባቂው አይቶ ይይዘዋል፤ ኋላ ‹ተቀየረ› ስትለው የማውቀው ነው ብሎ ያልፍሃል። ስለዚህ ከጠባቂው ዞረህ ብሮውዘሩ ራሱ በሚጽፍበት መንገድ ጻፍ፤ ከዚያ አስታውቅ። ሁለት ሦስት መስመር ነው።»

ጻፈችለት። እውነትም ሁለት ሦስት መስመር ነበር። ጥላዬ እነዚያን መስመሮች ደጋግሞ አነበበ። ሰሚራ ሻይ አስመጣችለት፤ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

«ማንም ሊስተው ይችላል» አለችው። «እኔም ስቼው አውቃለሁ።»

«አንቺ ስትስቺ ምን ሆነ?»

«አንድ ሆቴል የአልጋ ማስያዣው አልሠራ አለ።»

የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አድርጎ ተነሳ። 

በማግስቱ በማለዳ ኔትወርኩ ነበር። በመጀመሪያ የሞላ ፈንታሁንን ስም አስገባ። መዘገበ፤ ገጹን ዘጋ፤ እንደገና ከፍቶ ፈለገ። ስሙ መጣ። ከዚያ ጌጤን ጠበቀ። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። አልመጡም። ትናንት ከደብተሩ ላይ የቀዳውን ስልክ ደወለ፤ ዝግ ነው። እስከ ምሳ በተስተካከለው ኮድ ባዶዎቹን እየሞላ፣ እያንዳንዱን እየፈለገ አረጋገጠ። ሥራው አሁን ከበፊቱ ይዘገያል። ጨርቁን መልሶ ጠመጠመ።

ከሰዓት በኋላ ከእነ ጌጤ ቀበሌ የመጣ አንድ ገበሬ ተራ ይዞ ነበር። ጥላዬ ስለ አያ ሞላ ጠየቀው።

«ወንዛዬ ወሰዱት» አለ ሰውየው። «ፍል ውኃው ይሻለዋል ብለው። ሆስፒታሉ አልተቀበለንም ብለው ነው።»

ጥላዬ እኔን አየኝ። የስኳር ቁስል ያለበት ሰው በፍል ውኃ ሲዘፈቅ ቁስሉ እንደሚብስበት ሁለታችንም ጠርጥረናል።

አቶ ይሻው ከስብሰባ ሲመለሱ ገባና ሁሉንም ነገራቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።  መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ስንት ሰው ነው?»

«በጣም ብዙ ነው ጋሼ። ግማሹን አስተካክያለሁ።»

«ሳይታከም የተመለሰ ሌላ በሽተኛ አለ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ። አንተ ቀሪውን ጨርስ። ኮዱን ማን ፈቀደልህ ብለው ቢጠይቁኝ እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩህምና።»

ቅዳሜ ጥላዬ በሚኒባስ ወረታ ወረደ፤ ከወረታ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት በሌላ መኪና ወንዛዬ። የነገረኝ ሰኞ ነው፤ እንዲህ አድርጎ ነው የነገረኝ።

ሰዉ ብዙ ነበር። ከፍል ውኃው እንፋሎት ይነሳል፤ በየዳሱ ሕመምተኛ ተኝቷል። እየጠየቀ ሲሄድ ጌጤን አገኛቸው፤ ልብስ እያሰጡ ነበር። አይተውት አላወቁትም።

«እማማ፣ የመድን ቢሮው ልጅ ነኝ።»

«እህ» አሉ። ልብሱን ማስጣት አላቆሙም።

አያ ሞላ ዳስ ውስጥ ጋደም ብለዋል። ቀኝ እግራቸው በሻሽ ተጠቅልሏል፤ ሽታው ከበሩ ይሰማል። ጥላዬ ተንበርክኮ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ስምዎ ያልተገኘው በእኔ ስህተት ነው። አሁን አለ፤ ራሴ አረጋግጫለሁ። ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሂድ።»

«እንዴት ነው ስህተቱ?» አሉ ሽማግሌው። ለመውቀስ ሳይሆን ለማወቅ ነበር የጠየቁት።

ጥላዬ ሊያስረዳ ሞከረ። «የጻፍኩት ይታያል፣ ማሽኑ ግን አልያዘውም» አለ። አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«እንግዲህ ጻፍክ፤ አልገባም» አሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ ከገባ በኋላ አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«ደክሞህ ነበር?»

 ጌጤ ከውጭ ሆነው፣ «ልጁን ተወውና እግርህን እይ» አሏቸው።

መኪና ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ሐሙሲት ድረስ የእህል መኪና አሳፈራቸው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ እግራቸው ጥላዬ ጭን ላይ ተጋድሞ ተጓዙ። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ሊመሽ ነበር። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ስማቸውን ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ፈለገች። «ይግቡ» አለች። ጥላዬ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው።

የአያ ሞላ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። እግሩ ተረፈ። የቀዶ ሕክምናውን ሐኪም ጥላዬ ጠይቆት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ቢገቡ ጣቶቹ ይተርፉ ነበር ወይ ብሎ። ሐኪሙ ሊተርፉም ላይተርፉም ይችሉ ነበር አለው። ፍል ውኃው አልጠቀመም አለ። ከዚያ ሌላ በሽተኛ ይጠብቀው ስለነበር ሄደ።

ባዶ የቀሩትን ስሞች ጥላዬ ሁሉንም አስገባ። እኔም ለመፈለጉ አገዝኩት። እሱ ያስገባል፤ እኔ በእኔ ኮምፒውተር እፈልጋለሁ፤ ሳገኘው «አለ» እለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቢሮው ውስጥ የሚሰማው ይኸው ነበር። ሌላ የተመለሰ በሽተኛ መኖር አለመኖሩን እስከ ዛሬ አናውቅም። ያልመጣ ሰው ለምን እንዳልመጣ ማን ይነግርሃል።

በኋላ ገጹን የሠሩት ሰዎች ከታች እስከ ላይ ለወጡት፤ የሳጥኖቹ ስም ሁሉ ተቀየረና ኮዱ መሥራት አቆመ። አቶ ይሻው አዲስ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቁት። «አየዋለሁ» አላቸው። እስካሁን አላየውም። በጣቱ ይጽፋል።

ባለፈው ሳምንት አያ ሞላ አባልነታቸውን ሊያሳድሱ በከዘራ መጡ። የእኔ ወረፋ አጭር ነበር፤ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። አመስግነውኝ፣ «እሱ ይጻፍልኝ» ብለው ጥላዬ ፊት ካለው ረጅም ወረፋ መጨረሻ ቆሙ። ጥላዬ አይቷቸው ወንበር ይዞ ተነሳ። ተቀበሉትና ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ስለ ገብሱ ወሬ ጀመሩ። ተራቸው ሳይደርስ መብራት ሄደ። ሁላችንም ባለንበት ሆነን ጠበቅን።