«ስምዎ የለም» ያልሁበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ማክዳ ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣችና «አክስቴ፣ ስሙን ይኸው በዓይኔ እያየሁት፣ ፈልግ ስለው የለም ይለኛል» አለችኝ። ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረች ገና ወሯ ነው። የምልጠውን ማንጎ ከነቢላው አስቀመጥሁት። ይህቺን «የለም» የምትል ቃል ከኮምፒውተር ስሰማ እስከ ዛሬ ልቤ አይረጋም።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳርን በእግሬ የማስስበት ጊዜ ነበር። እናቴ ችኮላዬን አይታ «ይቺ ልጅ እሾህ ላይ ነው የምትቀመጥ» ትለኝ ነበር። የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ቀን ሊመጡ ሆነና የተመዘገቡትን የዘጌ ታካሚዎች ስም ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ተፈለገ። እኔ ሄድሁ። መዝገቡ ላይ ስሞቹ ከነማዕረጋቸው ነበሩ፤ አቶ እገሌ፣ ቄስ እገሌ፣ አባ እገሌ። ስሙን ብቻ ጽፎ ለማግኘት እንዲመች ማዕረጉን ማንሳት ነበረብኝ። አንድ በአንድ ማጥፋቱን ማን ይታገሣል? ከየስሙ ራስ ላይ ሦስት ቦታ ቁረጥ የሚል አጭር ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ሁለት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ መሆኑ ነው። በአባቴ፣ በቄስ መኮንን ስም ሞከርሁት፤ ሠራ። በአጎቴ ሞከርሁት፤ ሠራ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ማን አስታውሶ!

ቀኑ ደረሰ። ግንቦት ነበር፤ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ይጋረፋል። ከዘጌ በጀልባ የመጡት ሽማግሎችና አሮጊቶች ከዋርካው ሥር ተሰልፈዋል። ጀልባዋ ዘጠኝ ሰዓት ትመለሳለች። እኔ ስም እየጻፍሁ «አሉ፣ ይግቡ» ወይም «ስምዎ የለም» እላለሁ።

እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ቀረቡ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ስማቸውን ጻፍሁ። የለም።

«ተመዝግቤ ነበረ እኮ፣ ልጄ።»

«የለም ነው የሚለው፣ እማማ።»

የወረቀቱ መዝገብ ክርኔ ሥር ነበር። ገልጬ ላመሳክር እንኳ አላልሁም፤ ወረፋው አቻኩሎኛል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሴቶች «የእግዜር ፈቃድ ነው» እያሉ ወደ ጀልባዋ ተመለሱ። እማማ የሺ የሚባሉማ መርቀውኝ ነው የሄዱ። እማማ ጥሩወርቅ ግን ከበሩ ጥግ ቁጭ ብለው ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወንዱን ሁሉ ይግቡ፣ ሴቱን ሁሉ የለም ነው የምትይ።»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እማማ፤ ኮምፒውተሩ ነው።»

«ሰው ያላስተማረውን ከየት አመጣው? እስቲ የእናትሽን ስም ጠይቂው።»

አፍሬ እንጂ አምኜ አልነበረም። የእናቴን ስም እንደ ሌሎቹ «ወ/ሮ» ብዬ አስገባሁና ቆረጥሁት። ከዚያ ፈለግሁት። የለም። እናቴ የለችም! ያን ጊዜ ገባኝ። «ወ/ሮ» ከነጭረቷ ብቻዋን ሦስት ቦታ ትይዛለች፤ ስትቆረጥ ክፍቱ ቦታ ከስሙ ራስ ላይ ይቀራል። ለዓይን አይታይም፤ ለኮምፒውተር ግን እንደ አንድ ፊደል ነው። የሴቶቹ ስም ሁሉ ሌላ ስም ሆኖበታል።

ክፍቱን ቦታ የሚጠርግ አንድ መስመር ጨመርሁ፤ የወሰደብኝ ውኃ የመጠጣት ያህል ጊዜ ነው። እማማ ጥሩወርቅን ወደ ሐኪሞቹ አስገብቼ ወደ ሐይቁ ሮጥሁ። ጫማዬ መንገድ ላይ ተበጠሰ። ስደርስ ጀልባዋ ከዳር ያለውን ደንገል አልፋለች። የሴቶቹን ስም እየጠራሁ ጮኽሁ፤ ሞተሩ ቃሌን ዋጠው። እማማ የሺ ድምፄን ሰምተው መሰለኝ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ደኅና ግቡ የምል መስሏቸው ነው።

ሐኪሞቹ የተመለሱት ከዓመት በኋላ ነው። ሴቶቹን ላመጣቸው ዘጌ ድረስ ራሴ ሄድሁ። እማማ የሺ በክረምቱ አርፈው ነበር። ልጃቸው «የአራስ ልጄን ፊት ሳያዩ፣ በእጃቸው እንደዳሰሱ ሞቱ» አለችኝ።

ዛሬ የትም ቢሮ «የለም» ተብሎ የሚመለስ ሰው ሳይ የማያገባኝ እገባለሁ፤ «እስቲ መዝገቡን ግለጡት» እላለሁ። ነገረኛ ይሉኛል። ይበሉኝ።

«በማን ስም ነው የሞከርሽው?» አልኋት ማክዳን።

«በአባዬ፤ የእሱንማ ያገኘዋል። ተይው፣ ነገ አየዋለሁ» ብላ ኮምፒውተሩን ልትከድን ስትል እጇን ያዝሁ።

«አሁን፤ ጀልባዋ ሳትሄድ» አልኋት።

«የምን ጀልባ?» አለች ማክዳ።